ከማሽላው ጋር የተኛንባቸው ዓመታት

ባለቤቴ መሳል የጀመረችው ክረምት ላይ ነው። ጉንፋን ነው አልን። መስከረም ጠባ፣ አደዩም ፈክቶ ረገፈ፣ ጉንፋኑ ግን የሚሄድበት አገር ያጣ ይመስል እኛው ቤት ቀረ። ኅዳር ላይ ከቦኖ ውሃ ይዛ ስትመለስ ጀሪካኑን ደጃፉ ላይ አስቀመጠችና አንድ እጇን መቃኑ ላይ አስደግፋ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆመች። ከደረቷ ውስጥ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ጎማ ቀስ ብሎ ሲተነፍስ የሚያሰማው ዓይነት። እኔ ከውስጥ ማሽላ በወንፊት እየነፋሁ ነበር። ድምፁን ሰማሁት። መንፋቴን አላቆምኩም። ይህንን ከመጀመሪያው መናገሩ ይሻለኛል፤ በኋላ እናንተው ከምትደርሱብኝ።

እህል ነጋዴ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የቀረውን ያስተማረኝ የመርሳና የግራና ገበያ ነው። ከግራና ማሽላና ማሾ እገዛለሁ፣ መርሳ አመጣለሁ፣ ዋጋው እስኪነሳ እጠብቃለሁ። ሥራዬ መጠበቅ ነው ማለት ይቻላል። መጠበቅ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል።

ቦታው መኝታ ቤታችን ነበር። ቤታችን መርሳ ውስጥ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ የጭቃ ቤት ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ክፍሉ ሁለት። ልጆቻችን ወልድያ ዘመድ ዘንድ ሆነው ስለሚማሩ ቤቱ ለሁለታችን ይበቃን ነበር። ግን ሁለት ብቻ አልነበርንም። የኋለኛው ክፍል ግማሹ አልጋ፣ ግማሹ እስከ ኮርኒሱ የተደረደረ ጆንያ ነው። ባለቤቴ የምትተኛው በግድግዳው በኩል ሳይሆን በጆንያው በኩል ነበር። ሌባ ቢመጣ በር በኩል መሆን ያለብኝ እኔ ነኝ ብዬ ነው እንዲያ ያደረግኩት። እንደ ጀግንነት ቆጥሬው ነበር።

ሱቅ የለህም ወይ ትሉኛላችሁ። ነበረኝ፣ ገበያው መሃል። ግን ያኔ የቀበሌ ስብሰባ የማይጠራበት ሳምንት አልነበረም፤ እህል በተወደደ ቁጥር ስብሰባው ላይ ጥፋተኛ ይፈለጋል፣ ጥፋተኛው ደግሞ ጆንያ ያለው ሰው ነው። «አከማችቶ ሕዝብ የሚያስርብ» የሚባል ነገር አለ፤ ያ ስም አንዴ ከተለጠፈባችሁ ሳሙናም አይለቀውም። ስለዚህ ብልህ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ አምስት ጆንያ ያሳያል፣ ከቀረው ጋር አብሮ ይተኛል። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የማውቃቸው ነጋዴዎች ሁሉ እንዲሁ ነበሩ። የመኝታ ቤቱን መስኮት በምስማር የመታሁትም ለዚሁ ነው፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው አንገቱን ቢያሰግግ ጆንያውን እንዳያይ። መንፋቱንም፣ የነቀዝ መድኃኒቱን በአካፋ መለወሱንም እዚያው በር ዘግቼ ነበር የምሠራው። የመድኃኒቱን ዱቄት የሸጠልኝ ነጋዴ «ሰው ከሚተኛበት አርቀው» አለኝ። ሻጭ ዕቃውን ብርቱ ለማስመሰል የማይለው የለም ብዬ ሳቅኩ። እኔም ሻጭ ነኝ፣ አውቃለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ወልድያ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። አውቶቡሱ ጢም ብሏል፤ የሰው ትንፋሽ፣ የሽንኩርት ቅርጫት፣ ከመቀመጫ ሥር ሁለት ዶሮ። ሲሪንቃን ሳናልፍ ባለቤቴ መስኮቱን ስባ ከፈተችና አፍንጫዋን ወደ ውጭ አደረገች። ወዲያው ከኋላችን ጋቢውን እስከ ጆሮው የተከናነበ ሰው «እህቴ፣ ዝጊው እባክሽ፣ ብርድ ይመታናል» አለ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የምን ብርድ? ሌሎችም አጉረመረሙ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደግሞ ከመንገደኛ ጋር ጠብ ምን ያደርግልኛል ብዬ እጄን ሰደድኩና ዘጋሁት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትዕግሥት ያለው፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ማዳመጫውን ጀርባዋ ላይ እያዘዋወረ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወረቀት ሳብ አድርጎ እስክሪብቶውን አነሳና ይጠይቃት ጀመር። በምን ታበስያለሽ? በእንጨት። ምድጃው የት ነው? እቤት ውስጥ፣ ፊተኛው ክፍል። መስኮት አለው? አለው፣ አይከፈትም። እሷ ትመልሳለች፣ እሱ ይጽፋል።

«ቤት ውስጥ አቧራ ያለበት ሥራ አለ? እህል፣ ዱቄት፣ መድኃኒት፣ እንዲህ ያለ ነገር የምታስቀምጡት?»

«የለም» አልኩ እኔ።

እሷን ነበር የጠየቃት። አፏን ልትከፍት ስትል ነው የቀደምኳት። አስቤ የተናገርኩት አይደለም፤ ምላሴ ራሱ ነው። በሕይወቴ እስክሪብቶ ይዞ ቤትህ ውስጥ እህል አለ ወይ ብሎ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ የሰጠሁት መልስ ያው አንድ ነው። ነጭ ጋዋን መልበሱን አላየሁም፤ ያየሁት እስክሪብቶውን ነው። ባለቤቴ መሬት መሬት አየች። ባሏን ሰው ፊት አታዋርድም።

ሐኪሙም የሰማውን ይዞ ፈረደ። ጭሱ ነው አለ። ምድጃውን ከቤት አውጡ፣ ካልሆነ ጭስ ማውጫ አድርጉለት፣ መስኮት ክፈቱ፣ አየር ይግባ። በአፍ የሚሳብና የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘላት፣ ከወር በኋላ ተመለሱ አለ። እኔ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ጠላቴን አወቅኩት፤ ጭስ ነው።

መቼም ሥራ ሲሰጠኝ አልቀልድም። በሳምንቱ እንጨት ቆጣቢ የሚባለውን ምድጃ አስመጣሁ፣ ቱቦ ገዝቼ ገጠምኩለት። እዚህ ላይ የነጋዴነት ነገር አለ፤ ቱቦው በክንድ ይሸጣል፣ እኔ ደግሞ ለጭስ ይህን ያህል ክንድ ምን ያደርጋል ብዬ አሳጠርኩት። ጭሱ ቱቦውን ይዞ በሥርዓት ወደ ላይ ይወጣል፤ ኮርኒሱ ሥር ሲደርስ ቱቦው ያልቃል። ከዚያ ክፍሉን እንደ እንግዳ ተዟዙሮ ጎብኝቶ ቀስ ብሎ ራሳችን ላይ ይወርዳል።

አማቴ የመጡት በዚህ ሰሞን ነው፤ ልጃቸውን ሊያስታምሙ፣ ከግራና በላይ ካለው መንደራቸው። አማቴ የሚፈሩ ሴት ናቸው። እኔን አማች ነው ብለው አንቱ ይሉኛል፣ ሲቆጡም አንቱ እያሉ ነው የሚቆጡት፤ ይህ ደግሞ አንተ ተብሎ ከመሰደብ የባሰ ነው። ገና ቁጭ ሳይሉ ቀና ብለው ቱቦውን አዩ።

«ጭሱን ወደ ሰማይ ይልኩታል ስባል ነበር» አሉኝ። «ለካ ኮርኒሱ ድረስ ብቻ ነው የከፈሉለት።»

በማግስቱ ምድጃውን ነቅዬ ግቢው ጥግ ላይ የቆርቆሮ ማድ ቤት አስቀለስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤታችን ውስጥ ጭስ የሚባል ጠፋ።

መስኮቱ ቀረ። ምስማሩን ሳወጣ የእንጨቱ ግማሽ አብሮ መጣ። ስከፍተው ብርሃን ገባና ጆንያውን ሁሉ አበራው፤ ያን ያህል ብዙ መሆኑን እኔም አላውቅም ነበር። ደነገጥኩ። ቶሎ ብዬ ሸራ ጋረድኩበት። አየር ይግባ ያለውን ሐኪም ሰምቻለሁ፤ ዓይን ግን አይግባ። አማቴ ደግሞ በበኩላቸው ነፋስ ይመታታል ብለው መስኮቱን ይዘጉታል፣ በስንጥቁ ውስጥ የራሴን ባዶ ጆንያ ይወትፉበታል። ጠዋት እከፍታለሁ፣ ከገበያ ስመለስ ተዘግቶ አገኘዋለሁ። «እማዬ፣ ሐኪሙ እኮ ነው ያለው» እላለሁ። እሳቸው የሳንባ ነገር ከብርድ እንጂ ከምን እንደሚመጣ እኔ ልነግራቸው እንደማልችል ረጋ ብለው ያስረዱኛል፣ ስድስት ልጅ አሳድገዋል። ከአማት ጋር ክርክር አይገባም። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ መዝጋታቸውን ብዙም አልጠላሁትም። ጥፋቱ የእሳቸው ሆኖ ጆንያዬ ተሸፍኖልኛል፤ ከዚህ የበለጠ ገበያ የት አለ?

ሳሉ ግን ባሰ። ጭስ የለ፣ መድኃኒቱ በሰዓቱ ይወሰዳል፣ ሆኖም ገና ጎኗን እንዳሳረፈች ይጀምራታል። ተቀምጣ፣ ትራስ አቅፋ፣ ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር ይወጣል ይወርዳል። እኔ እናደድ ጀመር። በመጀመሪያ በሐኪሙ፤ ያለውን ሁሉ አደረግኩ፣ ሌላ ምን ቀረ? ቀጥሎ በመድኃኒቱ፤ አስመስለው የሠሩት ይሆናል። ከዚያ በጎረቤት ምድጃ፣ በዋናው መንገድ አቧራ፣ ከባድ መኪና አፍንጫችን ሥር እያስነሳ በሚያቆመው ሹፌር። አንድ ቀን ከሹፌሩ ጋር ልደባደብ ደርሼ ሰው ገላገለን። ቤት ገባሁና ንዴቴን ለማብረድ የጀመርኩትን ማሽላ መንፋት ቀጠልኩ።

የካቲት ላይ አማቴ «ልጄን ይዣት እሄዳለሁ» አሉኝ። ፈቃድ አልጠየቁኝም። አይሱዙ ላይ ከሹፌሩ ጎን አስቀምጠው ወሰዷት። እኔ የአማቴን ቤት አውቀዋለሁ፤ ምርጊቱ የረገፈ፣ በእንጨቱ መሃል ደጅ ያለው ፍየል የሚታይበት ቤት ነው። የኔ ልስን ቤት ያልተመቻትን ሴት እዚያ ወስደው ሊገድሏት ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ልጠይቃት ሄድኩ። ከግራና ገበያ ወጥቼ ዳገቱን በእግር ያዝኩ። ስደርስ ሰው ደጅ አልነበረም፤ ከበስተኋላ ከአተር ማሳው በኩል ግን ዘፈን ይሰማል። ሴት ናት፣ አንዱን ዜማ ይዛ በረጅሙ ትስበዋለች፣ ትስበዋለች፣ አትለቀውም። ማን ናት ብዬ በግድግዳው ዞርኩ። ባለቤቴ ናት። ጎንበስ ብላ አተር ትነቅላለች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ግን እንደተሸወደ ሰው ነው። ይኼ ሁሉ ቱቦ፣ ይኼ ሁሉ ማድ ቤት፣ ይኼ ሁሉ ወልድያ መመላለስ፣ የዳነችው ፍየል በሚያሾልክ ግድግዳ ነው?

ተቀመጥን። አማቴ ውሃ አቀረቡልኝ፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ልጃቸው ከኔ ጋር በነበረች ጊዜ ያልነገረቻቸውን ሁሉ እዚህ ነግራቸዋለች።

«ሐኪሙ እህል አለ ወይ ብሎ ጠይቋል አሉ።»

«ጠይቋል።»

«ምን አሉት?»

«የለም አልኩት።»

«ለምን?»

መልስ ፈለግኩ። መልስ የማላጣ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን የመጣልኝ እውነቱ ብቻ ነው። «እስክሪብቶ ይዞ ነበር» አልኳቸው።

አማቴ በዝግታ «አንቱ እስክሪብቶ ፈርተው» አሉ «ልጄን ሊያስቀብሩኝ ነበር።» አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ትንሽ ቆይተው ደግሞ መስኮቱን የዘጉት እሳቸው እንደነበሩ አነሱ፤ ነፋስ እንዳይመታት ብለው ለካ ያን አቧራ አብረዋት ዘግተውባት እንደነበር። እሳቸው የበኩላቸውን ጥፋት ሳይጠየቁ ተናገሩ። እኔ ተጠይቄ ነው።

ባለቤቴ አተሩን እየፈለፈለች ታዳምጣለች። ልብሷን ይዤላት መጥቼ ነበር፣ አብረን እንድንመለስ። አየችውና ወደ ጎን አደረገችው።

«እህሉ ሲወጣ እመጣለሁ» አለችኝ። «ካልወጣም ግድ የለም፣ ከማሽላው ጋር ኑር። ወጥ ትሠራልህ እንደሆነ እናያለን።»

አማቴ ፊታቸውን አዞሩ። ሲስቁ ነው መሰለኝ።

ወዲያው አወጣሁት ብላችሁ ብዋሽ ደስ ይለኝ ነበር። አላወጣሁትም። ዋጋው ገና አልተነሳም፤ ደግሞ ያን ሁሉ ጆንያ በምን ሽፋን ነው መንገድ ላይ የማሳየው? ላስቲክ ገዝቼ ሸፈንኩት። ወለሉን ውሃ ረጨሁ፣ ረግጬው ጭቃ ሆነ። አልጋውን ወደ ፊተኛው ክፍል አዛወርኩ፤ መሃል ያለው ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ እንደማይደርስ፣ አቧራው በላዩ እንደሚሻገር ያወቅኩት ጠዋት ብርድ ልብሱ ላይ በጣቴ ስጽፍበት ነው። ለካ እኔም ጠዋት ጠዋት እስላለሁ። ዕድሜ ነው እል ነበር።

በመጨረሻ ብቻዬን ወልድያ ሄድኩ። ተራ ጠብቄ ገባሁና ለሐኪሙ ዋሽቼህ ነበር አልኩት። ስንት ጆንያ እንዳለ፣ የት እንዳለ፣ መድኃኒቱ ምን እንደሚመስል፣ የት እንደምንተኛ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ላብ አጥምቆኛል፤ ለፖሊስ ቃሌን የምሰጥ ነው የሚመስለው። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አላነሳውም። ይልቅስ ቀና ብሎ ፊቴን አየና ስንት ዓመት እንዲህ እንደተኛን ጠየቀኝ። ስነግረው ግንባሩን በእጁ ያዘ። የእህል ብናኝ፣ ሻጋታ፣ ያ ዱቄት፣ አየር በሌለበት ክፍል፤ ጭሱ ከዚህ ሁሉ ጋር የተጨመረ እንጂ ብቻውን እንዳልነበር አስረዳኝ። ይውጣ አለኝ፣ ሁሉም፣ ዛሬ። ቤቱ ይጠረግ፣ ይታጠብ፣ በርና መስኮቱ ተከፍቶ ይክረም። ትድናለች ወይ አልኩት። ትሻላለች አለኝ። መዳንና መሻል አንድ እንዳልሆነ ልቅም አድርጎ ነገረኝ፤ ደረት የተጎዳውን ሁሉ አይመልስም።

ገበያው አጠገብ መጋዘን ተከራየሁ፣ በሩ ወደ አደባባዩ የሚከፈት። ሌላ አልተገኘም። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ጋሪ ላይ እየጫንኩ በዋናው መንገድ አመላለስኩት። አንገቴን ደፍቼ ነው የምሄደው፤ አሁን ይጠሩኛል፣ አሁን ያስቆሙኛል እያልኩ። ሦስተኛው ጋሪ ላይ የስብሰባችን ሰብሳቢ ከሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሆኖ አየኝ። ቆምኩ።

«የመኝታ ቤቱን ነው የምታወጣው?» አለኝ። «ጥሩ አደረግህ። አይጥ ያስቸግርሃል ብለን ስናወራ ነበር።»

ጎኑ የተቀመጡትም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያውቃሉ። ሁሉም ያውቃል፣ ከመጀመሪያው። ጋሪ ጫኞቹ ያውቃሉ፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ሰብሳቢው ያውቃል፤ ስብሰባ ላይ አከማቺ እያለ ሲጮህ ከኔ ጋር ዓይን ለዓይን የሚገጥመው ለካ ለዚህ ነው። እሱም ቢሆን አጎቱ ከሠላሳ ጆንያ ጋር ነው የሚተኛው። ያን ሁሉ ዓመት መስኮት ቸንክሬ እህሉን የሸሸግኩት ከማንም አልነበረም፤ አየሩን ግን ከባለቤቴ ሸሽጌያለሁ። ጋሪው ላይ ተደግፌ የምሰድበው ሰው ፈለግኩ። አላገኘሁም።

ጆንያው ሲወጣ ከሥሩ የወጣውን አልተርክላችሁም። ኮርኒሱን ስነቅለው የዓመታት ብናኝ አናቴ ላይ ተዘረገፈ። ግድግዳውን አጥቤ በኖራ ቀባሁ፣ ደግሜ አጠብኩ፣ ደግሜ ቀባሁ። የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ ሲጠፋ ሁለት ሳምንት አልፏል። ለአማቴ መልእክት ላክሁ።

ባለቤቴ የመጣችው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ደጃፉ ላይ ቆመች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ገባች። ባዶው ክፍል ውስጥ እርምጃዋ ያስተጋባል። ጆንያው በነበረበት ቦታ መሃል ላይ ቆማ ዙሪያውን አየች፣ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች፣ ኖራው እጇ ላይ ቀረ፣ አሸተተችው። መንገዱ አድክሟት ነበር፣ አልጋው ላይ ጋደም አለች።

እኔ ወጥቼ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ገበያ መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። ጆሮዬን ወደ ውስጥ ሰጥቼ ጠበቅኩ። መጠበቅ ሥራዬ ነው፤ እንዲያ የከበደኝ ግን የለም። ድሮ ጎኗን ባሳረፈች በትንሽ ጊዜ ነበር የሚጀምራት። ያ ጊዜ አለፈ። ሌላም ያን ያህል አለፈ። የቀትሩ የዙህር አዛን አለ፣ ሰው ወደ መስጊድ ሄደ፣ ተመለሰ። ትተኛለች። ተነስቼ በበሩ አየኋት፤ አፏን ገጥማ፣ በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች።

ዐሥር ሊሆን ሲል አንዴ ሳለች። አንዴ ብቻ፣ ደረቅ፣ አጭር፤ ገልበጥ ብላ እንደገና ተኛች። ሐኪሙ ከዚያ በኋላም ይኖራል ያለኝ ነው። እውነትም አለ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ብርድ ሲሆን ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር እሷ ወደ እኔ አታይም፣ እኔ ግን ሥራዬን አቁሜ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።